ካራቫንና ተሳቢ፦ ስለ ክብደት፣ ጎማና አክስል ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ካራቫን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት፣ ገና ብርቅ ነው። ጥያቄው ግን ብርቅ አይደለም። አንዱ ከውጭ አስገብቶ ይመጣል። ሌላው ከባለብየዳ ጋር ተዋውሎ እዚሁ ያሠራል። አስጎብኚው ለሰሜን ተራሮች እንግዶቹ ማደሪያ ያስባል። ለጥምቀት ሆቴሉ ሁሉ ሞልቶ ዘመድ ሳሎን ውስጥ ሲደረደር ደግሞ "ምነው ጎማ ያለው ቤት በኖረን" የሚል አይጠፋም።

ሰው ስለ አልጋው፣ ስለ ምድጃው፣ ስለ ቀለሙ ሲከራከር ይከርማል። ስለ ጎማና አክስል የሚጠይቀው ሊወጣ ሲል ነው። ከታች ያሉት በብዛት የሚመጡት ናቸው።

መኪናዬ ሁለት ቶን ተኩል ይጎትታል። ተሳቢው ከዚያ በታች ነው። ሌላ ምን አለ?

ብዙ አለ። መጎተትና መሸከም ይለያያሉ። "ይህን ያህል ይጎትታል" የሚለው ቁጥር ስለ መኪናው ሞተር፣ ስለ ሻሲውና ስለ ፍሬኑ ነው የሚናገረው። ተሳቢውን የሚሸከሙት ግን የራሱ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ሞዞ (ቸርኬው በብሎን የሚታሰርበት መሐል)፣ አክስልና ባሌስትራ ናቸው። መኪናችሁ አምስት ቶን ቢጎትት እንኳ፣ 600 ኪሎ የሚችል ጎማ 700 ኪሎ ስላደረጋችሁበት አይበረታም።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ተሳቢው መጎተቻው ላይ የሚጥለው ክብደት የመኪናው ጭነት ሆኖ ይቆጠራል። መኪናው ከሚችለው ጭነት ላይ ይቀነሳል። አምስት ሰው፣ የአምስት ሰው ሻንጣ፣ ጣሪያ ላይ ትርፍ ጎማ፣ ከዚያ ከኋላ መቶ ምናምን ኪሎ የሚጫን መጎተቻ። ፒካፑ ከአዘዞ ሳይወጣ ሞልቷል ማለት ነው።

ከውጭ የመጣው ተሳቢ የአምራቹ የክብደት ሰሌዳ ላይ ያሉት ፊደላት ምንድን ናቸው?

ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ሁለቱን ፈልጉ። ጂ.ቪ.ደብሊው.አር (GVWR) የሚለው ተሳቢው ከነጭነቱ ሊመዝን የሚፈቀድለት የመጨረሻ ክብደት ነው። ጂ.ኤ.ደብሊው.አር (GAWR) የሚለው አንድ አክስል ሊሸከም የሚችለው ነው። ሁለት አክስል ካለው ለየብቻ ይጻፋል። ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ ሰሌዳው በኪሎ ነው፤ ጠቅላላውን ክብደት ካስቀመጠ በኋላ 1፣ 2 እያለ የየአክስሉን ይዘረዝራል።

የአሜሪካኖቹ ቁጥር በፓውንድ ነው። ቶሎ ወደ ኪሎ ለመቀየር ቁጥሩን ግማሽ አድርጉና ከግማሹ ላይ አንድ አሥረኛውን ቀንሱ። 3,500 ፓውንድ ሲገመስ 1,750 ነው፤ 175 ሲቀነስ 1,575 ይሆናል። ትክክለኛው 1,588 ነው። ለመንገድ ላይ ስሌት ይበቃል፤ ስህተቱም ወደ ጥንቃቄው በኩል ነው።

ሻጮች የሚወዱት ቁጥር ደግሞ የባዶውን ክብደት ነው። እሱን ብዙ አትመኑት። ውኃው፣ ጋዙ፣ ፍራሹ፣ በኋላ የተጨመረው ባትሪና የሶላር ፓነል አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ውስጥ የሉም። ውኃ ሊትሩ አንድ ኪሎ ነው። አምስት ጄሪካን ባለ 20 ሊትር አንድ ኩንታል ማለት ነው። የጋዝ ሲሊንደር ሲታሰብ ሰው ጋዙን ብቻ ይቆጥራል፤ የብረቱ ክብደት ሲሊንደሩ ላይ ተቀርጿል፣ ደምሩት።

የእኔ እዚሁ በብየዳ የተሠራ ነው። ሰሌዳ የለውም። አቅሙን በምን ልወቅ?

ከሁሉም ደካማው ዕቃ በሚችለው ልክ ነው። አንድ በአንድ ሂዱ። የሁለቱ ጎማ አቅም ስንት ነው? ቸርኬው ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ? አክስሉ ከየት መጣ? ባሌስትራው ከምን መኪና ላይ የወረደ ነው? መጎተቻው ኳስ ላይ የተጻፈው ስንት ይላል? ከእነዚህ ትንሹ የተሳቢው ልክ ነው። ሌላው ሁሉ ጠንካራ ቢሆን አያድንም።

እዚህ አገር አብዛኛው አክስል ከተፈታታ መኪና የሚወጣ ነው። በራሱ ነውር የለውም። ግን የየትኛው መኪና እንደነበር እወቁ። ያ መኪና የኋላ አክስሉ ላይ የሚፈቀድለት ክብደት በአምራቹ ሰነድ ላይ አለ፤ ከዚያ በላይ አትሂዱ። ባለብየዳው "ይህ ብረት አይበገርም" ሲላችሁ ስለ ብረቱ እውነቱን ሊሆን ይችላል። መንገድ ላይ የሚያስቀረው ግን ብዙውን ጊዜ ብረቱ ሳይሆን ኩሽኔታው፣ ማለትም ጎማው በነፃ እንዲዞር የሚያደርገው ቀለበት ነው።

ዲፈረንሻሉን (የሞተሩን ኃይል ለጎማዎቹ የሚያካፍለውን) ከነሆዱ የሚገጥሙም አሉ። ምንም የማይሠራ ብረት መሸከም ነው። ከሥር ያለውንም ከፍታ ይቀንሳል። ቀጥ ያለ ባዶ አክስል ይሻላል።

ለመንገድ ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ የትራንስፖርት ቢሮውን ጠይቁ። ተሳቢም የራሱ ምዝገባ አለው።

ክብደቱን የት ላስመዝን? እንዴትስ?

ጎንደር ከመተማና ከሁመራ ቆላ የሚመጣ ሰሊጥና እህል የሚያልፍባት ከተማ ናት። የምድር ሚዛን ብርቅ አይደለም። ለአንድ ምዘና የሚከፈለው ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይህን አድርጉ።

ስትሄዱ ተሳቢው እንደ መንገድ ቀን ይሞላ። ውኃው፣ ጋዙ፣ ምግቡ፣ ብርድ ልብሱ፣ ሁሉም። ባዶውን መመዘን ለሻጭ ነው።

ሦስት ጊዜ ነው የሚመዘነው። መጀመሪያ መኪናውና ተሳቢው እንደተያያዙ፣ ሁሉም ሚዛኑ ላይ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ተሳቢውን ፈትታችሁ መኪናውን ብቻ መዝኑ። ልዩነቱ የተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ነው። ሦስተኛ፣ መልሳችሁ አያይዙና የተሳቢው ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ እንዲሆኑ መኪናውን ወደፊት አውጡት። ይህ አክስሉ ላይ ያረፈው ነው። ከጠቅላላው ላይ አክስሉ ላይ ያረፈውን ስትቀንሱ መጎተቻው ላይ ያረፈው ይቀራል።

በምሳሌ ይሁን። ተሳቢው በጠቅላላ 1,290 ኪሎ ሆነ እንበል። ጎማዎቹ ብቻ ሲመዘኑ 1,150 ሆነ። መጎተቻው ላይ ያለው 140 ነው። ይህን ምሳሌ ያዙት፣ ከታችም እመለስበታለሁ።

አራተኛ ምዘናም አለ፤ ሚዛን ተቆጣጣሪው ትዕግሥት ካለው። የአንዱን ጎን ጎማ ብቻ ሚዛኑ ላይ፣ የሌላውን ጎን ደግሞ እኩል ከፍታ ባለው ጠርዝ ላይ አቁሙ። በምሳሌያችን ግራው 620፣ ቀኙ 530 ቢሆን አይግረማችሁ። ምድጃው፣ ማጠቢያውና የውኃ በርሜሉ ሁሉ አንድ ጎን ላይ ሲሠሩ የሚመጣው ይኸው ነው። አህያ የሚጭን ሰው እንኳ ግራና ቀኙን ሳያመዛዝን አይነዳም፤ ካራቫን የሚሠራ ሰው ግን ይረሳዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የምድር ሚዛን ለከባድ መኪና የተሠራ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ በ10 ወይም በ20 ኪሎ እየዘለለ ነው የሚቆጥረው። ለጠቅላላው ክብደት ችግር የለውም። ለመጎተቻው ግን ቀጣዩ ዘዴ ይሻላል።

መጎተቻው ላይ ስንት ኪሎ ቢያርፍ ነው ጥሩ?

በአሜሪካኖች ልማድ ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። አውሮፓውያን ዝቅ ያደርጉታል፤ የካራቫኖቻቸው መጎተቻም ብዙውን ጊዜ ከ75 እስከ 100 ኪሎ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ስለዚህ መጎተቻው ላይ የተጻፈውን ሳታዩ በመቶኛ ብቻ አትሂዱ።

በጣም ካነሰ ተሳቢው በፍጥነት ላይ ጅራቱን ማወዛወዝ ይጀምራል። አንዴ ከጀመረ መኪናውን ይዞት ይሄዳል። በጣም ከበዛ ደግሞ የመኪናው አፍ ቀና ይላል፤ የፊት ጎማ ይቀላል፣ መሪውና ፍሬኑ ይደክማል። መፍትሔው ከባድ ዕቃን ከአክስሉ በላይና ትንሽ ወደፊት ማድረግ ነው። ከኋላ በር ጋ ጄኔሬተር፣ ከዚያ በላይ ትርፍ ጎማ፣ ከዚያ ውኃ የሚደረድሩ አሉ። ለማውረድ ይመቻል፤ ለመንዳት ግን አይመችም።

ቤት ውስጥ ለመለካት የሰው ሚዛን ይበቃል። ጠንካራ ሳንቃ ውሰዱ። አንዱን ጫፍ ጡብ ላይ፣ ሌላውን ሚዛኑ ላይ አሳርፉ። ከጡቡ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከሚዛኑ 60 ሳንቲ ሜትር በሚርቀው ቦታ ላይ የተሳቢው መጎተቻ ይረፍ። ሚዛኑ የሚያሳየውን በሦስት አባዙ። የሳንቃውን ክብደት አስቀድማችሁ ቀንሱ። መሬቱ ሜዳ፣ ጎማው ታኮ የተደረገበት ይሁን። ጎንደር ላይ ሜዳ መሬት ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ እሱን አውቃለሁ።

እሺ፣ የትኛውን ጎማ ልግዛ?

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። የከበደው ጎን 620 ኪሎ ነው። ለጎማው ልክ የሚሆነው ይህ ነው፤ የሁለቱ አማካይ አይደለም። በላዩ ቢያንስ 20 በመቶ ትርፍ ጨምሩ። 744 ይመጣል። ጎማ ላይ ከልኩ ቀጥሎ የምታዩት ባለ ሁለት ወይም ሦስት አሃዝ ቁጥር የጭነት መለኪያ ነው። ኪሎ አይደለም፤ ለኪሎው ሰንጠረዥ አለው። 91 ማለት 615 ኪሎ፣ 94 ማለት 670፣ 98 ማለት 750፣ 100 ማለት 800፣ 104 ማለት 900፣ 106 ማለት 950፣ 112 ማለት 1,120 ኪሎ ነው። ስለዚህ 98ና ከዚያ በላይ።

እኔ ግን እንዲህ አላሰላም። ካራቫን እያደር ይከብዳል። ዛሬ አንድ ባትሪ፣ ነገ ፍሪጅ፣ በዓመቱ የብረት አልጋ። ስለዚህ ዛሬ በመዘነው ሳይሆን በሚፈቀድለት ክብደት አስሉ። የተሳቢው ልክ 1,500 ኪሎ ከሆነ ለአንድ ጎማ 750 ነው። 20 በመቶ ሲጨመር 900። ይህ 104 ነው።

እዚህ ጋ ጥሩ ዜና አለ። ሚኒባሶች የሚያደርጉት 195 አር 15 ሲ ባለ 8 ፕላይ ጎማ ብዙውን ጊዜ 106/104 ይላል። የመጀመሪያው ቁጥር ለነጠላ ጎማ፣ ሁለተኛው ለመንታ ጎማ ነው። የእናንተ ነጠላ ነው፤ 950 ኪሎ ማለት ነው። ሚኒባስ ባለበት ከተማ ሁሉ ይገኛል። ስሙ ያማረ ጎማ ገዝቶ መንገድ ላይ መተኪያ ከማጣት ይህ ይሻላል።

ጎማ ሻጩ "የቤት መኪና ጎማ ይበቃሃል" አለኝ። ይበቃል?

ለቀላል ተሳቢ ሊበቃ ይችላል። ለካራቫን ግን እጠራጠራለሁ። የቤት መኪና ጎማ ተሳቢ ላይ ሲገጠም አሜሪካኖቹ አቅሙን በ1.1 ያካፍሉታል። 91 የሚለው 615 ኪሎ ወደ 559 ይወርዳል። የእኛ ምሳሌ ግራ ጎን 620 ነበር። አለቀ።

ጎኑም ስስ ነው። ተሳቢ ከመኪና የባሰ ጎማን ወደ ጎን ያሻሻል፣ በተለይ ሲታጠፍ። ስሙ ላይ ሲ ያለበት የንግድ መኪና ጎማ፣ ኤልቲ የሚል የፒካፕ ጎማ፣ ወይም ኤስቲ የሚል ለተሳቢ ብቻ የተሠራ ጎማ ምረጡ። የኤስቲ ጎማ ከአሜሪካ በመጣው ላይ ታገኙታላችሁ። ሌላ ምልክት ከሌለው በልማድ በሰዓት ከ105 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲነዳ አልተሠራም። በእኛ መንገድ ይህ ቅሬታ የሚያስነሳ አይደለም።

ጥርሱ እንደገና የተለበጠ ጎማስ?

ለካራቫን አልመክርም። ጥርሱ ሲገነጠል የካራቫኑን ወለልና የውኃ መስመር ይዞ ነው የሚሄደው።

ጎማው አዲስ ነው፣ ጥርሱም ሙሉ ነው። አሮጌ ሊሆን ይችላል?

ይችላል። እንዲያውም የካራቫን ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ነው የሚሞተው። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ለጥምቀትና ለፋሲካ ብቻ የሚንቀሳቀስ ጎማ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ጎኑ ይሰነጠቃል።

ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች እዩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመት ናቸው። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ ነው። በእኛ 2011 ዓ.ም. የግንቦት መጨረሻ አካባቢ ነው። "19 ይላል፣ ገና አዲስ ነው" ብሎ የሚሸጥ ሻጭ አላዋቂም ሊሆን ይችላል፣ ብልጥም ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ቢሆን ጎማው 19 በእኛ አቆጣጠር ቢሆን ከሚሆነው ስምንት ዓመት ወደኋላ ነው። ኮዱ በአንደኛው ጎን ብቻ ሊኖር ስለሚችል ጎማው ከመገጠሙ በፊት ሁለቱንም ጎን አዙሩና ተመልከቱ።

አምስት ስድስት ዓመት ከሞላው መቀየር አስቡ። ከዚያ በላይ የምትቆዩበት ከሆነ ጎኑን በየጉዞው ፈትሹ። አሥር ዓመት የሞላው ግን ፍተሻም አያሻውም፤ አውርዱት።

ንፋሱ ስንት ይሁን? ወደ መተማ ስወርድ ልቀንስ?

በጣም የሚጠየቅ ነው፤ በጣም የተሳሳተ መልስ የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ፣ ጎማ ላይ የተጻፈው ኪሎ የሚሠራው ከጎኑ በተጻፈው ንፋስ ብቻ ነው። አንድ የታወቀ የተሳቢ ጎማ ልክ አለ፤ ኤስቲ 205/75 አር 15፣ ጭነት ምድብ ሲ። በ50 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) 825 ኪሎ ይሸከማል። በ35 ፒኤስአይ ወደ 670 ኪሎ ይወርዳል። ያው ጎማ ነው፤ በንፋስ ብቻ አንድ ኩንታል ተኩል ጠፋ። "መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ለስለስ ይበል" ብሎ ንፋስ የሚያስቀንስ ሰው አቅሙን ነው ያስቀነሰው። ምድቡ ከፍ ሲል ንፋሱም ይጨምራል፦ ምድብ ሲ 50፣ ምድብ ዲ 65፣ ምድብ ኢ 80 ፒኤስአይ። በባር 3.4፣ 4.5 እና 5.5 ገደማ ነው። ቸርኬውም ያን ንፋስ የሚችል መሆኑን ጎሚስታውን አሳዩት። በጣም አሮጌ ቸርኬ ላይ 80 መሙላት አደጋ ነው።

አሁን ወደ መተማ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,133 ሜትር ላይ ናት። መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስትወርዱ ሁለት ነገር ይሆናል። የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው 2 ፒኤስአይ ያህል ቀንሶ ያነባል። ጠዋት ጎንደር ላይ 20 ዲግሪ የነበረው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ቆላው ላይ 40 ሲሆን፣ 50 የነበረው ጎማ በሙቀቱ 4 ያህል ይጨምራል። ተደማምሮ ከ2 ብዙም አይበልጥም። መንዳቱ የሚጨምረው ሌላ ነው፤ እሱንም ጎማው ታስቦበት ነው የተሠራው።

ስለዚህ የጋለ ጎማ አታስተንፍሱ። ንፋሱ የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሲሆን ነው፤ ጠዋት፣ ሳትነዱ። ሸህዲ ላይ ቆማችሁ "ንፋሱ በዝቷል" ብላችሁ ካስቀነሳችሁ፣ ጎማው ጎኑ ይበልጥ ይታጠፋል፣ ይበልጥ ይግላል፣ ይፈነዳል። ቆላ ላይ የሚፈነዳው ጎማ ብዙውን ጊዜ ንፋስ የበዛበት ሳይሆን ያነሰበት ነው።

አንድ አክስል ይሻላል ወይስ ሁለት?

ከአንድ ቶን ተኩል በታች ከሆነ አንድ እላለሁ። ዋጋው ይቀንሳል። ግራስ የሚቀባ ኩሽኔታ፣ የሚቀየር ጎማ፣ የሚሠራ ፍሬን ግማሽ ነው። ፒያሳ ዙሪያ ያሉትን ጠባብ ኮብልስቶን መንገዶች የሚያውቅ ሰው ሁለት አክስል ለምን እንደሚያስቸግር ይገባዋል። በጠባቡ ስትዞሩ አራቱ ጎማ በአንድ ክብ ላይ አይሄድም። አንዱ ወደ ጎን ይፋቃል። ጩኸቱ ይሰማል።

ከሁለት ቶን በላይ ከሆነ ግን ሁለት አክስል መልካም ነው። አንድ ጎማ ቢፈነዳ ተሳቢው ወዲያው አይወድቅም። ጉድጓድ ሲገባም ይረጋጋል። ግን ሁለቱ አክስል እኩል እንዲሸከሙ ተሳቢው ሜዳ ሆኖ መጎተት አለበት። አፉ ወደ ላይ ከተንጋጠጠ ኋለኛው አክስል ከድርሻው በላይ ይሸከማል፤ በተለይ በባሌስትራዎቹ መካከል ማመጣጠኛ ከሌለው። "ሁለት ባለ 1,500 ኪሎ አክስል፣ ሦስት ቶን" የሚለው ድምር እኩል ሲካፈል ብቻ ነው የሚሠራው።

ባሌስትራ ወይስ ላስቲክ ያለበት አክስል?

የላስቲኩ አክስል አራት ማዕዘን ቱቦ ውስጥ ላስቲክ ታጭቆ የሚሠራ ነው። ጉዞው ለስላሳ ነው። ሲበላሽ ግን አይጠገንም፣ ሙሉውን መቀየር ነው። ባሌስትራ ያንገጫግጫል፤ ሲሰበር ግን ደባርቅም፣ አይከልም፣ ገንዳ ውኃም የሚሠራው አይጠፋም። እኔ ከሆንኩ ባሌስትራ ከነአሞርዛተሩ (ንዝረቱን ከሚያበርደው)።

አንድ የባሌስትራ ቅጠል ብጨምር አቅሙ ይጨምራል?

አይጨምርም። የሚጨምረው ቁመቱ ነው። አክስሉ፣ ኩሽኔታውና ጎማው ያው ናቸው። እንዲያውም ዝቅ ማለቱ ያስጠነቅቃችሁ ነበር፤ አሁን እሱንም ደበቃችሁት።

የተሳቢው ጎማ ከሃይሉክሴ ጋር አንድ ቢሆንስ?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ነው። አዎ፣ ከተቻለ አድርጉት። ሁለት ዓይነት ትርፍ ጎማ፣ ሁለት ዓይነት መፍቻ መሸከም ይቀራል።

የሃይሉክስ ሞዞ ስድስት ብሎን አለው፤ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ የ5,200 ፓውንድ ማለትም 2,360 ኪሎ ገደማ የሚሸከም አክስልም ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ልክ ይጠቀማል። የ3,500 ፓውንዱ ግን ባለ አምስት ብሎን፣ 114.3 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ አክስል ስታዙ ሞዞውን አስቀድማችሁ ምረጡ። የቅርብ ዘመኑን ባለ 79 ላንድ ክሩዘር የምትጎትቱበት ከሆነ ደግሞ አምስት ብሎን፣ 150 ሚሊ ሜትር ነው።

የብሎን ልክ መመሳሰሉ ብቻ ግን አይበቃም። የመሐሉ ቀዳዳ ሞዞው ላይ በትክክል ይግባ። ቸርኬው ወደ ውስጥ የሚገባበት መጠን ባሌስትራውን ወይም ጭቃ መከላከያውን እንዳይነካ ሞክራችሁ እዩ። ገጥሞ ማዞር አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ለትንሽ ተሳቢ ፍሬን ያስፈልጋል?

አውሮፓና አውስትራሊያ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ያስገድዳሉ። እዚያ የትም ሊማሊሞ የላቸውም።

ሊማሊሞ፣ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው መንገድ፣ ጣሊያን የቆረጠው ነው፤ ጠመዝማዛና ቁልቁል። እዚያ ላይ ያለፍሬን ተሳቢ መኪናውን ከኋላ ይገፋዋል፤ ኩርባው ላይ ደግሞ ወደ ጎን ይገፋዋል። ሁለት ዓይነት ፍሬን በብዛት አለ። አንዱ ተሳቢው ሲገፋ ራሱ የሚይዝ ነው። ሽቦ አይፈልግም፣ ለእኛ ጋራዦችም ቀላል ነው። ጉዳቱ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሳያቋርጥ ስለሚይዝ መጋሉ ነው። ሌላው የኤሌክትሪክ ነው። መኪናው ውስጥ መቆጣጠሪያ ይፈልጋል፤ ግን ሹፌሩ ራሱ ይለካዋል። የትኛውም ቢሆን ቁልቁለቱን በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ሞተሩ ይያዝ። ፍሬኑ ለኩርባው ይቆይ።

ሁለቱን የመጠባበቂያ ሰንሰለቶች ከመጎተቻው ሥር አጠላልፋችሁ እሰሩ። መጎተቻው ቢወልቅ የተሳቢው አፍ መሬት ሳይነካ በሰንሰለቱ ላይ ያርፋል።

ሲጓዝ ውስጡ ሰው ተኝቶ መሄድ ይችላል?

አይችልም። እናቴ ታማለች፣ ሕፃን አለ፣ አጭር ናት መንገዷ... አይችልም።

ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ሳንቃበር ድረስ ይወጣል?

ተሳቢው ይወጣል። ጥያቄው መኪናው ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ጉልበት ያጣል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። አንዳንድ አምራቾች በመመሪያቸው መኪናውና ተሳቢው አብረው የሚመዝኑትን ልክ በየ1,000 ጫማ ከፍታ፣ ማለትም በየ305 ሜትሩ 2 በመቶ ቀንሱ ይላሉ።

ጎንደር 7,000 ጫማ ናት። 14 በመቶ እዚሁ ቤታችን በር ላይ ጠፋ። መኪናና ተሳቢው አብረው 5,000 ኪሎ የሚፈቀድላቸው ከሆነ እዚህ 4,300 ነው የምታስቡት። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ነው፤ 21 በመቶ ገደማ፣ ማለትም 3,950 ኪሎ አካባቢ። ከደባርቅ በኋላ ያለው ደግሞ አስፋልት አይደለም። ከባዱን ካራቫን ደባርቅ አቁማችሁ በመኪናው ብቻ መውጣት ነውር የለበትም። መንገዱ ክፍትና ሰላም መሆኑንም በዚያው ሳምንት ከሚመላለሱ ሹፌሮች ጠይቁ፤ ለጎንደር ሰው ይህን መንገር አያስፈልግም።

ሁሉም ተገጠመ። በመጀመሪያው ጉዞ ምን ልፈትሽ?

ዳዶዎቹን፣ ቸርኬውን ብሎኑ ላይ የሚያጠብቁትን። አዲስ የተገጠመ ጎማ ዳዶው ይላላል። በመጀመሪያው 15 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በ40፣ ከዚያ በ80 ላይ ቆማችሁ አጥብቁ። ወደ ባሕር ዳር የምትሄዱ ከሆነ ማክሰኝት ስትደርሱ አንዱን፣ አዲስ ዘመን ላይ ሌላውን ማድረግ ይቻላል። አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ላለው የተሳቢ ብሎን ከ120 እስከ 160 ኒውተን ሜትር የተለመደ ነው። ጎሚስታው ቧንቧ አስረዝሞ ላይ ቆሞ እንዳይዘልበት ግን አስቁሙት፤ ብሎኑን ይጎትተዋል።

በዚያው ስትቆሙ የሞዞውን መሐል በእጃችሁ ንኩ። ለብ ቢል ደግ ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ጎን ከሌላው በጣም ከጋለ፣ ኩሽኔታው ከመጠን በላይ ጠብቋል ወይም ግራሱ አልቋል። ፍሬኑም ተይዞ ሊሆን ይችላል። ክሪክ አስገቡና ጎማውን በእጅ አዙሩት። በነፃ ካልዞረ አትቀጥሉ፤ ግራስ አዘዞም ማክሰኝትም አለ።